ስልኩ የት ይሰካ? የመኪና ጂ.ፒ.ኤስ ማስቀመጫ አመራረጥ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚጓዝ አንድ የጥሪ ታክሲ ሹፌር በዓይነ ሕሊና ይታይ። ደንበኛው ከኋላ ተቀምጧል፤ ካርታውን የሚያሳየው ስልክ ደግሞ በፊት መስታወቱ ላይ በተጣበቀ ማስቀመጫ ተንጠልጥሏል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ማስቀመጫው ከመስታወቱ ይላቀቅና ስልኩ ከፍሬኑ ፔዳል አጠገብ ይወድቃል። ሹፌሩ ሊያነሳው ጎንበስ ይላል። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ከሆነ ለሁለት ሰከንድ ጎንበስ ማለት 28 ሜትር መንገድ ሳያዩ መሄድ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 44 ሜትር ይሆናል።

ይህን አደጋ የሚያመጣው ዕቃ በመርካቶ ሱቆችና በመንገድ ዳር በየትራፊክ መብራቱ የሚሸጥ፣ ገዢው ቆም ብሎ የማያየው፣ ሻጩም ስለ አሠራሩ የማይጠየቅበት ነው። ይሁንና እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ የጥሪ አገልግሎቶች ከተስፋፉ ወዲህ ስልክ የታክሲው የሥራ መሣሪያ ሆኗል። መሣሪያውን የያዘው ክንድ ሲሰበር ሥራውም ይቆማል። ስለዚህ ዕቃውን ለሚያስመጣው ነጋዴም ሆነ አሥር መኪና ገዝቶ ለሹፌር ለሚያስረክበው ባለሀብት ምርጫው የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ያሻል። በጭነት ባለንብረቶች አካባቢ “ጂ.ፒ.ኤስ” ሲባል ብዙውን ጊዜ መኪናው የት እንዳለ ለባለቤቱ የሚያሳውቀው ተደብቆ የሚገጠም መሣሪያ ማለት ነው። እዚህ የሚነሳው ግን ሹፌሩ ፊት ለፊት እያየ መንገድ የሚያገኝበት፣ ራሱን የቻለ ሣጥንም ይሁን ስልክ፣ ባለ ስክሪኑ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው መደበቅ አለበት፤ ሁለተኛው መታየት አለበት። የሁለተኛው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ከመታየቱ ነው፤ ሹፌሩ ሊያየው የሚችለውን ሌባውም ያየዋልና።

<b>ሳተላይቱና መስታወቱ</b>

ጂ.ፒ.ኤስ የአሜሪካ መከላከያ ያቋቋመው ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የተወነጨፈው እ.ኤ.አ በ1978 ሲሆን ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ መዋሉ የተነገረው በ1995 ነው። ለሲቪሉ ተጠቃሚ የሚደርሰው ምልክት እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም ማለቂያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ እስከ ግንቦት 2000 መጀመሪያ ድረስ፣ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ እንዲቀር ካዘዙ በኋላ ነው የመኪና ካርታ ሣጥን ገበያ የደራው። እነ ጋርሚንና ቶምቶም የከበሩበት ይህ ገበያ ቆይቶ በስልክ ተዋጠ።

ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በመሆናቸው የሚደርሰው ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሰማይ ማየት አለበት። በብረት ጣሪያ ሥር፣ ከማርሹ አጠገብ ባለው የኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ የተጣለ ስልክ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሲገባ መንገዱን ሊስት ይችላል። ለፊት መስታወቱ የቀረበ ግን የተሻለ ያያል። ይሁንና ሙቀት እንዲመልስ በስስ የብረት ቅብ የተሠራ መስታወት ያለው መኪና ምልክቱን ስለሚያዳክም ባለቤቱ ማስቀመጫውን ከመግዛቱ በፊት ስልኩን በእጁ ይዞ በተለያየ ቦታ ቢሞክረው ይሻላል።

<b>መጣጭ ጎማ፦ አዲስ አበባ ላይ ሩብ ጉልበቱን ያጣል</b>

በገበያው ላይ የሚበዛው በመስታወት ላይ ተጭኖ የሚጣበቀው ባለ ጎማ ማስቀመጫ ነው። አሠራሩን የተረዳ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይከብደውም። ጎማው ራሱ ምንም አይስብም። ተጭኖ አየር ሲወጣለት ከውጭ ያለው አየር መስታወቱ ላይ ይገፋዋል። በሌላ አነጋገር ማስቀመጫውን የሚሸከመው የአየር ግፊት ነው።

የአየር ግፊት ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን የዚያ ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጎማ 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢወጣለት በባሕር ጠረፍ 29 ኪሎ ግራም፣ እዚህ ግን 22 ኪሎ ግራም ገደማ መሳብን ይቋቋማል። በተግባር አየሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ከዚህ በጣም ያንሳል። ያም ሆኖ 200 ግራም ለሚመዝን ስልክ በቂ ነው። ታዲያ ለምን ይወድቃል?

መልሱ ክንዱ ላይ ነው። ስልኩ ከመስታወቱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲንጠለጠል ጎማውን የሚጎትተው ቀጥታ ክብደቱ ሳይሆን እንደ ማንሻ የሚሠራው ክንድ ነው። ክንዱ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ይህ ጉተታ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የጎማው አንድ ጠርዝ ትንሽ ቀና ባለ ቁጥር አየር ይገባል፤ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ደግሞ ይህ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ረጅሙና ተጣጣፊው፣ እንደ እባብ አንገት የሚጠማዘዘው ክንድ በሱቅ ውስጥ ሲታይ ያምራል። በመንገድ ላይ ግን የመጀመሪያው ወዳቂ እሱ ነው። በዚያ ላይ ስክሪኑ ስለሚንቀጠቀጥ ሹፌሩ ጽሑፉን ለማንበብ ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያሳርፍ ያስገድደዋል።

አቧራና ቅባትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። መስታወቱ በአልኮል ተወልውሎ ሳይደርቅ የተጫነ ጎማ ብዙ አይቆይም። የደረቀ ጎማ በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በራሱ ሲደርቅ ጉልበቱ በከፊል ይመለሳል። ብዙ ሹፌር ይህን ባለማወቁ ደህናውን ጥሎ አዲስ ይገዛል፤ ነጋዴውም ቅር አይለውም።

<b>ክሩስኮት ላይ የሚለጠፈው</b>

ሁለተኛው ዓይነት በባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ክሩስኮት ላይ የሚለጠፈው ነው። ጥሩ ማጣበቂያ ከጎማ የበለጠ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ሁለት ነገሮች ያበላሹታል፤ አንደኛው ችኮላ፣ ሁለተኛው የእጥበት ቤቱ ቅባት።

ስመ ጥሩው የስሪ ኤም ኩባንያ ቪ.ኤች.ቢ የተሰኘው ማጣበቂያ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ነው። በ20 ደቂቃ ግማሽ ያህሉን፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 90 በመቶውን ይደርሳል። ገዢው ግን እንደ ለጠፈ ስልኩን ይሰካበታል፤ በማግስቱ ሲወድቅም ሻጩን ይረግማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ዓርብ ማታ ለጥፎ ሰኞ ጧት ሥራ የሚያስጀምር ባለመኪና ይህን ጣጣ ያመልጣል።

ቅባቱ ደግሞ የከተማችን ልዩ ችግር ነው። እጥበት ቤቶች ክሩስኮቱን የሚያንጸባርቅ ለማድረግ የሚቀቡት ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ያለበት ነው። በዚህ ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም። ሲያብረቀርቅ የሚታየው ክሩስኮት በአልኮልና በውኃ ቅልቅል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይወለወል ምንም ዓይነት ማጣበቂያ ቢለጠፍበት ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ሽፋኑ ለስላሳና ሸካራ ከሆነም ማጣበቂያው የሚነካው የሸካራውን ጫፍ ብቻ ነውና ጠፍጣፋ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

ሙቀትም ሊረሳ አይገባም። እ.ኤ.አ በ2018 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በሞቃት ቀን ፀሐይ ላይ ባቆሟቸው መኪናዎች ባደረጉት ጥናት የክሩስኮቱ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። አዲስ አበባ አሪዞና አይደለችም፤ ድሬዳዋና አዋሽ ግን ይቀርቧታል። አፕል ኩባንያ ስልኮቹ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ እንዳይቀመጡ ይመክራል። መኪናው ሲቆም ስልኩን ይዞ መውረድ ለሌባ ብቻ ሳይሆን ለባትሪውም ሲባል ነው።

<b>ቆንጣጩና ማግኔቱ</b>

በአየር ማስወጫው ላይ የሚቆነጠጠው ዋጋው ዝቅተኛ፣ ለእጅም ቅርብ ነው። የማስወጫው ቀጭን ፕላስቲክ ግን የተሠራው አየር ለማዞር እንጂ ክብደት ለመሸከም አይደለም። አሁን ያሉት ትላልቅ ስልኮች ከ200 ግራም በላይ ስለሚመዝኑ አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ላይ ያለው የደረቀ ፕላስቲክ አንድ ቀን ይሰበራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው የማስቀመጫው ጥፋት ለክሩስኮቱ ይተርፋል። ከኋላው መንጠቆ ያለውና በብሎን የሚጠብቀው በስፕሪንግ ከሚቆነጥጠው ይሻላል። ክብ ማስወጫ ላለው መኪና ግን ሁለቱም አይሆኑም። ማሞቂያ ሲከፈት ስልኩ ይግላል፤ ማቀዝቀዣ ሲከፈት ደግሞ ይጠቀማል።

ስለ ማግኔት በገበያ የሚወራው ብዙ ነው። “ማግኔት ጂ.ፒ.ኤስ ያበላሻል” የሚለው ትክክል አይደለም። የሳተላይቱ ምልክት የራዲዮ ሞገድ በመሆኑ ማግኔት አያግደውም። የሚታወከው የስልኩ ኮምፓስ ነው፤ ይኸውም መኪናው ቆሞ ሳለ ካርታው ወደ የት እንደዞረ ሲያሳይ ሊሳሳት ይችላል። ሲንቀሳቀስ ይስተካከላል። ትክክለኛው ችግር ከስልኩ ጀርባ የሚለጠፈው ብረት ነው፤ ያለ ሽቦ ባትሪ መሙላትን ያግዳል፣ ይግላልም። ወፍራም ሽፋን ያለው ስልክም ማግኔቱን ስለሚያርቀው በጉድጓድ ላይ ይንሸራተታል።

<b>ግጭት ሲደርስ</b>

እስከ አሁን የተነገረው ስለ ስልክ መሰበር ነበር። ከዚህ የሚብሰው የሰው መሰበር ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ ሲቆም በደንብ ያልታሰረው ስልክ በዚያው ፍጥነት ጉዞውን ይቀጥላል። የሚያሳርፈው ምት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከሦስት ፎቅ ጣሪያ ላይ ከተለቀቀ ስልክ ጋር እኩል ነው። ይህ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ማብራሪያ አይፈልግም።

የአየር ከረጢት ያለው መኪና ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከረጢቱ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይነፋል። በተሳፋሪው በኩል ያለው ከክሩስኮቱ አናት ፈንድቶ ወደ መስታወቱና ወደ ሰውየው ይወጣል። በዚያ መክፈቻ ላይ የተለጠፈ ማስቀመጫ ጥይት ይሆናል ቢባል ማጋነን አይደለም። መሪው መሐል ላይ ምንም ነገር መለጠፍ አይገባም። በመስታወቱና በበሩ መካከል ባለው ምሰሶ ላይ ማንጠልጠልም እንዲሁ፣ ምክንያቱም በብዙ መኪኖች የጎን መጋረጃ ከረጢት የተደበቀው እዚያው ነው። የከረጢቱ ምልክት ያለበትን ቦታ በጣት እየነኩ መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን በሕግ የደነገጉ አገሮች አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩባት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ አንዷ ነች። እስከ እ.ኤ.አ 2008 መጨረሻ ድረስ በዚያ ጂ.ፒ.ኤስን በፊት መስታወት ላይ መለጠፍ ክልክል ነበር። ከጥር 2009 ጀምሮ በሹፌሩ በኩል በታችኛው ጥግ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በተሳፋሪው በኩል በታችኛው ጥግ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚሆን አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ከአየር ከረጢቱ መስመር ውጭ እንዲሆን ተፈቀደ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ስልክ የግድ ተሰክቶ መቀመጥ አለበት፤ ሹፌሩም በአንድ ንክኪ ወይም በአንድ የጣት ጥረጋ ብቻ ነው ሊያዘው የሚችለው። በአገራችንም እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማነጋገር ያስቀጣል። የካሊፎርኒያ ልኬት እዚህ ባያስገድድም ለገዢው መመሪያ ሊሆነው ይችላል። ከመሐል መስታወት ላይ የተንጠለጠለ ስልክ መንገዱንም ይከልላልና።

<b>ሌባና የመስታወቱ ክብ ምልክት</b>

የካሊፎርኒያው ጥግ ለአዲስ አበባ አንድ እንከን አለው። መሪያችን በግራ በመሆኑ የሹፌሩ ጥግ ከተከፈተው የግራ መስኮት አንድ ክንድ ያህል ነው የሚርቀው። መብራት ላይ ቆሞ መስኮቱን ለከፈተ ሹፌር ስልኩ ስፖኪዮ ከሚነቀልበት ባነሰ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ከመሪው በስተቀኝ፣ ከክሩስኮቱ መሐል ዝቅ ብሎ የሚሰካው ለእይታ በጥቂቱ ቢያንስም ለደህንነት ይመረጣል።

መኪና ሲቆም ስልኩን ብቻ ይዞ መውረድ በቂ አይደለም። የካርታ ሣጥን በእንግሊዝ አገር በብዛት ይሰረቅ በነበረበት እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ ፖሊስ ለባለመኪኖች ይሰጥ የነበረው ምክር ክንዱንም እንዲያነሱ፣ ጎማው በመስታወቱ ላይ የተወውን ክብ ምልክትም እንዲጠርጉ ነበር። ክቡን ያየ ሌባ መሣሪያው በኪስ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ይገምታልና መስታወቱን ይሰብራል። መሳቢያው ባዶ ቢሆን እንኳ መስታወቱ ተሰብሯል።

<b>ሒሳቡ</b>

የሚከተለው ግምት እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊሠራው ይችላል። 300 ብር የሚሸጥ ማስቀመጫ አራት ወር ያገለግላል እንበል። በዓመት ሦስት ይገዛል፤ 900 ብር ነው። በዓመት ውስጥ ስልኩን ጥሎ ስክሪን የመስበር ዕድሉ ከአሥር አንድ፣ የስክሪኑ ዋጋ ደግሞ 6,000 ብር ቢሆን የሚጠበቀው ኪሣራ 600 ብር ነው። ድምሩ 1,500 ብር። በአንጻሩ 1,800 ብር የወጣበት ሦስት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 600 ብር ነው። የመስበር ዕድሉ ከሃምሳ አንድ ቢሆን 120 ብር ይጨመራል፤ ድምሩ 720 ብር። ርካሹ ከእጥፍ በላይ ተወደደ ማለት ነው። ስልኩ በጥገና ላይ ሳለ የቀረው የታክሲ ገቢ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ታዲያ ገበያው ለምን በርካሹ ተሞላ? ገዢው በሱቅ ውስጥ ሁለቱን መለየት ስለማይችል ነው። ጥራት በዓይን በማይታይበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድና ከገበያው ይወጣል። ይህን የሚሰብረው ነጋዴ ዕቃውን ከሱቁ መስታወት ላይ ለጥፎ፣ አሮጌ ስልክ ሰክቶበት ሳምንቱን ሙሉ የሚያሳይ ነው።

ገዢውም በበኩሉ በሱቅ ውስጥ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሙከራዎች አሉ። ክንዱን ዘርግቶ ስልኩን ሰክቶ መነቅነቅ፤ መገጣጠሚያው ከዞረ አይበጅም። የማጥበቂያው ጥርስ የፕላስቲክ ከሆነ ቶሎ ይበላል። መገጣጠሚያው ክብ ኳስ ያለው ከሆነ ልኩን መጠየቅ ነው፤ ጋርሚን የሚጠቀምበት 17 ሚሊ ሜትር ኳስ በሌሎችም አምራቾች ስለሚሠራ ጭንቅላቱ ሲሰበር ክንዱ አይጣልም።

<b>ብሎኑና የደላላው ዓይን</b>

ለከባድ መኪና ከሁሉም የሚሻለው በብሎን የሚታሰረው ነው። አራቱ ቀዳዳዎች በ30 እና በ38 ሚሊ ሜትር ርቀት የተበሱበት መደበኛ ልክ ስላለ ከተለያዩ አምራቾች የተገዛ ክንድና መሠረት ይገጥማል። ለቤት መኪና ግን መብሳት ዋጋ አለው። መኪናው ሲሸጥ ደላላው መጀመሪያ የሚያየው ክሩስኮቱን ነው፤ የተበሳ ከሆነ “ታክሲ ነበረ” ብሎ ዋጋ ይጥላል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በክሩስኮቱ መገጣጠሚያ ክፍተት ውስጥ ተወሽቆ የሚቆም፣ ለየመኪናው ሞዴል ተለክቶ የሚሠራ ማቀፊያ ነው። የስዊድኑ ብሮዲት በዚህ ይታወቃል። ዋጋው ውድ ነው፤ በሚሸጥበት ቀን ግን ያለ ምልክት ይወጣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ትልቅ ስክሪን ስላለኝ ማስቀመጫ አያስፈልገኝም ሊል ይችላል። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርቶ የመጣ ከሆነ ግን ካርታውም ቋንቋውም የዚያው አገር ነውና ወደ ስልኩ ይመለሳል። አንዳንዶቹ የአየር ማስወጫቸው ቀጭን ስንጥቅ በመሆኑ ቆንጣጭ አይዝላቸውም፤ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ የሚታሰር ልዩ ማስቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ዕቃ አስቀድሞ የሚያስመጣ ነጋዴ ገዢ አያጣም።

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችን የሚመለከት አንድ ነገር ቀርቷል። አዲስ አበባ ላይ የተጫነ መጣጭ ጎማ ወደ ወደቡ ሲወርድ የውጭው ግፊት እየጨመረ ስለሚሄድ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሙቀቱ ጎማውን ካላላላው በቀር ችግር የለውም። ችግሩ ሲመለስ ነው። ወደቡ ላይ የተጫነው ጎማ መኪናው ዳገቱን እየወጣ፣ ከአዋሽ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ጉልበቱን እያጣ ይመጣል። ጎማ የሚጠቀም ሹፌር አዋሽ ላይ ሻይ ሲጠጣ ማስቀመጫውን ነቅሎ፣ መስታወቱን ጠርጎ እንደገና ቢጭነው ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይሸከመዋል።